አንጋፋ ተዋንያንን ስለ ቤታቸውም ጠይቋቸው

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቴአትር
ለሀገር ፍቅር ቴአትር
በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የእንግዳ ዝግጅት ለምታቀርቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአንጋፋ ተዋንያን የቤተሰብ ሕይወትና የትርፍ ጊዜ ውሎ በሕይወት እያሉ እንዲቀረጽ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የተዋናይ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉርምስናው እስከ ጡረታው መድረክ ላይ የኖረ፣ በሬዲዮ ድራማም ድምፁ የሚታወቅ ሰው ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው እናቴ ስላልወደደችው ነው፤ እኔም ብሆን ይህን ደብዳቤ የአንድ ቤት ጉዳይ ላደርገው አልፈልግም። የምጠይቃችሁ አጭር ነገር ነው። ዛሬ አብረውን ያሉትን አንጋፋ ተዋንያን ስለ ቤታቸው ጠይቋቸው። ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ፣ ልምምድ በሌለበት ቀን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ፣ እጃቸው ምን መነካካት እንደሚወድ፣ ቃለ ተውኔታቸውን ማን እንደሚያስጠናቸው ጠይቁ። መልሱንም ቅረጹትና ነገ ፈላጊ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ተራ ወሬ ይመስል ይሆናል። የሰው የግል ሕይወት በእኛ ዘንድ ወይ ሐሜት ነው ወይ ነውር። ጨዋው ጋዜጠኛ አይነካውም፤ ሌላው ደግሞ ከነካው ፍቺና ጠብ ፍለጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊው ኑሮ፣ ሰውየው በየቀኑ የኖረው፣ ሳይጠየቅ አብሮት ይቀበራል። እኔ ስለዚያኛው ነው የምጽፍላችሁ።

አንጋፋ ተዋናይ ስቱዲዮ ሲጠራ የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች እኛ ልጆቹ በቃላችን እናውቃቸዋለን። «ወደ ጥበቡ ዓለም እንዴት ገቡ?» «ከሠሯቸው ሥራዎች የትኛውን ይወዱታል?» «ለወጣቱ ትውልድ ምን ይመክራሉ?» አባቴ ለሦስቱም መልስ ነበረው። ከመደጋገሙ የተነሳ መልሱ ራሱ የተጠና ቃል ሆኖ ነበር፤ የት ላይ ፈገግ እንደሚል፣ የት ላይ ዝም ብሎ ወደ ላይ እንደሚያይ ቤት ሆነን አስቀድመን እንናገር ነበር። ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ሰው ግን አላጋጠመውም። ቢጠይቁት ያልተጠና ነገር ይናገር ነበር።

ሌላው የምታስታውሱበት ጊዜ ሕመም ነው። ያኔ ካሜራው ቤት ድረስ ይመጣል፣ መኝታ ቤት ይገባል፣ ከምስሉ ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል። አርቲስት ፍቃዱ ተክለማርያም በኩላሊት ሕመም በሐምሌ 2010 ከማረፋቸው በፊት ሕዝቡ ለሕክምናቸው ገንዘብ ሲያዋጣ ሁላችንም አይተናል። ያ ርብርብ የዚህ ሕዝብ ደግነት ነው፤ አንድም ክፉ ቃል አይወጣኝም። ነገር ግን ስለዚያ ትልቅ ተዋናይ ሕመም ያወቅነውን ያህል ስለ ውሏቸው፣ ስለሚወዱት ነገር፣ ከመድረክ ወርደው ስለሚያርፉበት ሁኔታ ብናውቅ ኖሮ ምን ያህል ሀብት በእጃችን ይቀር ነበር? ወደ እኛም ቤት አንድ የቴሌቪዥን ቡድን የመጣው አባቴ መናገር ካቃተው በኋላ ነው። የቡድኑ ልጆች ትሑት ነበሩ፣ እናቴን «እናታችን» እያሉ አነጋገሯት። ግን ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ድምፁ ሄዶ ነበር፤ ያን ድምፅ አገር ሁሉ የሚያውቀው ሆኖ ሳለ።

እስቲ ከበዓል ልጀምር። አዳራሾቻችሁ በበዓል ቀን ክፍት ናቸው። ተመልካቹ ዶሮውን በልቶ፣ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ልጆቹን አስከትሎ ቴአትር ሲገባ፣ የተዋናዩ ልጆች አባታቸው በሌለበት ቤት እንግዳ ይቀበላሉ። ለገናና ለእንቁጣጣሽ እናቴ ወጡን ሌሊት ተነስታ ለጠዋት ታደርሰው ነበር፤ አባቴ ሳይወጣ አንድ ጊዜ አብረን እንድንቆርስ። ከበዓላት ሁሉ እኔ የምወደው ፋሲካን ነበር፤ የሚፈሰከው ሌሊት ነዋ! ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዘጠኝ ሰዓት አባቴ መሃላችን ተቀምጦ ያጎርሰናል፣ ቀልድ ያወራል፣ ከዚያ ጥቂት ተኝቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጓደኞቼ ፋሲካን በቀኑ ሲያስታውሱ እኔ የማስታውሰው ሌሊቱን ነው።

ቅዳሜና እሑድም እንደዚያው። አንድ ተውኔት ከተወደደ በተመደበለት ቀንና ሰዓት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ በየሳምንቱ ይታያል። ተዋናዩ እሑድ ከሰዓት ከተመደበ ቤተሰቡ እሑድ ከሰዓትን አጣ ማለት ነው። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ የእድሩ ስብሰባ የሚውለው ደግሞ በዚያው ቀን ነው። አባቴ በእድራችን መዝገብ ቅጣት የማይለየው ሰው ነበር፤ እናቴ ወር በመጣ ቁጥር ሄዳ ትከፍልለት ነበር። በዘመድ ዘንድ «ትልቅ ሰው ሆኖ ይንቀናል» የተባለበት ጊዜ አለ። እሱ በዚያች ሰዓት ሌሎች ሰዎችን እያስለቀሰ ወይም እያሳቀ ነው፤ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ይህን ሸክም የተሸከመችው እናቴ ናት። ይቅርታ እየጠየቀች፣ ስጦታ ይዛ እየዞረች፣ የዘመድ አዝማዱን ፊት እየፈታች ኖራለች።

በሰዓት እላፊው ዘመን የነበረውንማ እሷው ብትነግራችሁ ይሻላል። ትርኢቱ ሲረዝም፣ ታክሲ ሲጠፋ፣ ሰዓቱ ሲገፋ በር ላይ ቆማ የምትሰማው የእግር ድምፅ የእሱ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የምታደርገውን ስትተርክ እኔ ልጇ እንኳ ትንፋሼ ይያዛል። የዚያ ዘመን ቴአትር ታሪክ ሲጻፍ ስለ ተውኔቶቹና ስለ ሳንሱሩ ይጻፋል፤ ይጻፍም። በር ላይ የቆሙት ሴቶችም የዚያው ታሪክ አካል ናቸው።

ስለ ቃለ ተውኔት ጥናት ልንገራችሁ። አዘጋጁና ተዋንያኑ የሚገናኙት በልምምድ ክፍል ነው፤ ቃሉ አፍ ላይ የሚገባው ግን ቤት ነው። እናቴ ወረቀቱን ከሽንኩርት መክተፊያው አጠገብ ትዘረጋና የሌሎቹን ገጸ ባሕሪያት ቃል ሁሉ ታነብለታለች። ንጉሡም፣ ከሃዲውም፣ ምሥጢረኛዋም እሷ ናት። አባቴ ሲሳሳት ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል ታርመዋለች። አንዳንዴ «ይሄ ቃል ለአፍ አይመችም፣ ደራሲውን ለምን አትነግረውም?» ትለዋለች፣ እሱም ነግሮ የተለወጠ ቃል አለ። እኛ ልጆች ምሳ እየበላን ሙሉ ገቢር እንሰማ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያውን ረጅም ዓረፍተ ነገር የተናገረው ከአንድ ተውኔት ወስዶ ነው። ተውኔቱ ሲከፈት በሚታደለው ወረቀት ላይ የመብራት ባለሙያው ስም አለ፣ የአልባሳቱ ኃላፊ ስም አለ፣ የእናቴ ስም ኖሮ አያውቅም። በየተዋናዩ ቤት እንዲህ ያለች ሚስት፣ እንዲህ ያለ ባል፣ እንዲህ ያለች እህት ወይም ልጅ አለች። ታዲያ ተዋናዩን ስትጋብዙ እነሱን አብራችሁ ብታስቀምጡ የምትሰሙት ነገር ስለ ሥራው ራሱ የሚያስተምር ይሆናል።

አሁን ወደ ትርፍ ጊዜው ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና።

አባቴ ጓሮ ነበረው። ትልቅ አይደለም፤ ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ በአጥሩ በኩል ጌሾ። ማለዳ ማንም ሳይነሳ ይወጣና ውኃ እያጠጣ ድምፁን ያሟሻል። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት፣ ከዚያ የሚያጠናው ክፍል። ጎረቤቶቻችን አዲስ ተውኔት መኖሩን የሚያውቁት ከማስታወቂያ በፊት ከዚያ ጓሮ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ነው የምትቆጣው?» ብላ በአጥር በኩል ትጠይቀው ነበር። እሱም አካፋውን ተደግፎ የገጸ ባሕሪውን ታሪክ ይነግራታል። «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም» ካለችው ቁም ነገር ነው፤ ማታ ለእናቴ ይደግመዋል። የመጀመሪያዋ ተመልካቹ እሷ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሮጌ ሬዲዮ ማፍታታትም ይወድ ነበር። ከሠራው ያበላሸው ይበዛል፤ እናቴ ይህን ስትናገር ዛሬም ትስቃለች። የሚሠራው ሲገኝ ግን ዜና አንባቢዎችንና ተራኪዎችን የሚያዳምጠው ለወሬው አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ረጅሙን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርኩ እስትንፋሳቸውን የት እንደሚስቡ ዓይኑን ጨፍኖ ይከታተል ነበር። «ስማ፣ እዚህ ጋ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ሰብለ አትታየንም ነበር» ይል ነበር ለታላቅ ወንድሜ። ትወናን በትምህርት ቤት ያልተማረ ተዋናይ ከዚያ ዘመን ተራኪዎች እንዲህ በጓዳው ሬዲዮ ተማረ። ይህን የሚነግራችሁ ሰነድ የለም፤ የሚነግሯችሁ ልጆች አሉ።

ስታዲየም ደግሞ ነበረ። ብሔራዊ ቴአትርና ስታዲየም ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ልምምድ ቀደም ብሎ ካለቀ አባቴ በእግሩ ወርዶ ጨዋታ ይገባል። እኔንም ይወስደኝ ነበር፣ ሴት ልጅ ስታዲየም ምን ታደርጋለች እየተባለ። ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሜዳውን አልነበረም፤ አጠገቡ የተቀመጡትን ሰዎች ነበር። ግብ ሲቆጠርበት አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ፀሐይ መከለያ ካርቶኑን ይወረውራል። አንድ ቀን ከፊታችን የነበሩ ሽማግሌ ግብ ሲቆጠርባቸው ምንም አላሉም። በእጃቸው የያዙትን ጋዜጣ በጥንቃቄ አጠፉ፣ እንደገና አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱትና ሜዳውን ማየት ቀጠሉ። አባቴ እሳቸውን እያየ ጨዋታው አለቀ።

ከጊዜ በኋላ በአንድ ተውኔት የልጁን ሞት የሚሰማ አባት ሆኖ ተጫወተ። ጽሑፉ ላይ «ይጮኻል» ተብሎ ነበር። እሱ አልጮኸም። መርዶው ሲነገረው የያዘውን ወረቀት በጥንቃቄ አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ፣ ኪሱ ከተተው። አዳራሹ ውስጥ ሴቶች እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ስለዚያ ትዕይንት ጋዜጣ ጽፎለታል፤ ጥልቅ ትወና ተብሎ ተመስግኗል። ከየት እንዳመጣው የምናውቀው ግን እሱና እኔ ብቻ ነን፤ አሁን ደግሞ እኔ ብቻ። የትርፍ ጊዜ ውሏቸውን ጠይቁ ስላችሁ ይህን የመሰለውን እያሰብኩ ነው። ተዋናይ የሚዝናናበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚለቅምበት ቦታ ነው። ስለ መድረኩ ብቻ ከጠየቃችሁት የተጠናቀቀውን ታያላችሁ፣ የተለቀመበትን አታዩም።

ቴአትር ቤቶች ይህን የምታውቁበት ሌላም ምክንያት አላችሁ፤ ጡረታ። በመንግሥት ቴአትር ቤት ያለ ተዋናይ እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ይሸኛል። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ተዋናይ ግን በ60 ዓመቱ የአዛውንት ገጸ ባሕሪ ሊጫወት ገና መብሰሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድል በግል ፊልምና በተከታታይ ድራማ ጠሪ መኖር አለመኖር ላይ የተንጠለጠለ ነው። አባቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን እሑድ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ሳያስበው ኮቱን ይለብስ ነበር። እናቴ ምንም አትለውም፤ «ና እስቲ ጌሾውን ቁረጥልኝ» ትለዋለች። ያ ጓሮና እነዚያ የተፈቱ ሬዲዮዎች ባይኖሩ ያንን ጊዜ እንዴት እንደሚወጣው አላውቅም። የሸኛችኋቸው ሰዎች ዛሬ በምን እንደሚውሉ ታውቃላችሁ? ማን ልጅ ጋ እንደሚኖሩ፣ ማን ብቻውን እንደሆነ? በዓመት አንድ ቀን እየተዘዋወራችሁ ብትጠይቁ ለታሪኩም ለሰዎቹም ይጠቅማል።

የሴቶቹን ነገር ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር በ1948 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፣ መድረክ ላይ ለመውጣት የምትደፍር ሴት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከዚያ ቀደም የሴት ገጸ ባሕሪን ወንዶች ነበሩ የሚጫወቱት፤ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ራሳቸው የሴት ልብስ ለብሰው ተጫውተዋል። ደፍራ የወጣችውን ሴት ዘመድ «አዝማሪ» እያለ ይጠራት ነበር፣ ለማዋረድ። አርቲስት አስናቀች ወርቁ በዚያ ዘመን ተነስተው ተዋናይም፣ ተወዛዋዥም፣ ድምፃዊም ሆኑ፤ ክራራቸውን ከእቅፋቸው ሳይለዩ እስከ እርጅናቸው ኖሩ። በኋላ ፈረንሳይ አገር በታተመ አልበም የክራራቸው ድምፅ ከአገር ውጭ ተሰማ። በመስከረም 2004 አረፉ። ለእሳቸው ክራር ሥራ ነበር ወይስ የብቸኝነት ጊዜ ወዳጅ? ይህን መመለስ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው እኩዮችና ታናናሾች ከሆኑት ሴት ተዋንያን ዛሬም በመካከላችን ያሉ አሉ።

እነሱን ስትጠይቁ ግን አንድ የማያስደስተኝ ልማድ አለ። ሴቷን «ለምን አላገቡም? ለምን አልወለዱም? ቤትና ጥበብን እንዴት አስታረቁት?» እያላችሁ ታስጨንቃላችሁ። ወንዱን ማንም እንዲህ አይለውም። አባቴ መድረክ ላይ እያለ እኛን ያሳደገን ማን እንደሆነ አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ በደስታ የእናቴን ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ ስለ ልጅና ስለ ቤት የምትጠይቁ ከሆነ ወንዱንም ጠይቁ፤ እንዲያውም ከወንዱ ጀምሩ። ልምምድ ላይ ሕፃን ልጇን ይዛ የምትመጣ ተዋናይት ትርኢቱ እስኪያልቅ ልጁን የአልባሳት ክፍል ውስጥ ማን ይይዝላት እንደነበር ደግሞ ሴቶቹን ጠይቋቸው። አባቴ ራሱ የባልደረባውን ልጅ አዝሎ ተራው እስኪደርስ ከመጋረጃ ኋላ ሲንጎራደድ አይቻለሁ።

የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን ስም አንስቼ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ የልጆችን ዝግጅት የመሩት እኚህ ሰው ከመድረክ የመጡ ተዋናይ ነበሩ። ኮሪያ ከዘመተው ጦር ጋር ሄደው ወታደሮቹን አዝናንተዋል፣ ምትሃት ያሳዩ ነበር፣ ተረት ያወሩ ነበር። በሐምሌ 2009 ሲያርፉ አገር ሁሉ አባቱን ቀበረ። ምትሃቱን ቤት ውስጥ እንዴት ይለማመዱት እንደነበር፣ የቲቪውን ተረት መጀመሪያ ለማን ነግረው ይሞክሩት እንደነበር ተጠይቀው ቢሆን ዛሬ ለልጆች የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይማርበት ነበር። የዚያ ዘመን ተዋንያን አንድ እጅ ብቻ አልነበራቸውም። ተስፋዬ ገሠሠ ተዋናይና አዘጋጅ ሆነው ሳለ አጭር ልብ ወለድና ግጥም ጽፈዋል። ዓለምጸሐይ ወዳጆ ተዋናይት፣ ገጣሚ፣ የዘፈን ግጥም ደራሲ ናቸው፤ በስደት ሳሉ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የጣይቱን የባህልና የትምህርት ማዕከል አቋቁመው በስደት ያለውን ሰው በግጥም ምሽትና በቴአትር ሰበሰቡ። ሌሎችም አንጋፋዎች እዚያው አሜሪካ አሉ፤ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ አድገው የአባታቸውን ዝና ከአሮጌ ቪዲዮ የሚያውቁ። የዲያስፖራ ሬዲዮና የዩቲዩብ አዘጋጆች፣ እነዚህ ሰዎች የሚገኙት እናንተ ሰፈር ነው።

መልካም ምሳሌ የለም እያልኩ አይደለም። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» የምታደርገውን የሰማ ሰው ረጋ ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ከልጅነት ይጀምራል፣ አይቸኩልም፣ አንድ እንግዳ ለሳምንታት ይቀጥላል። እንግዳው ዝም ሲል ዝምታውን አትቆርጠውም። እኔ የምለምነው ያ ዓይነት ትዕግሥት ወደ ቤቱም እንዲገባ ነው። ስቱዲዮ የተቀመጠ ተዋናይ ትወና ይጀምራል፤ ሙያው ነውና አይፈረድበትም። ጓሮው ውስጥ፣ ዳማው ፊት፣ የልጅ ልጁ እግሩ ሥር ስትጫወት ግን ሌላ ሰው ታገኛላችሁ። ሂዱና እዚያ ቅረጹት። ሚስቱን ወይም ባሏን ከጎን አስቀምጡ፤ የረሳውን ታስታውሰዋለች፣ ያሳመረውን ታስተካክለዋለች። ጥያቄዎቻችሁንም ጥቃቅን አድርጓቸው። «ቤተሰብ ለእርስዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ንግግር ትሰማላችሁ። «ትርኢት አልቆ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?» በሉት።

ቤት ግቡ ስል ጓዳ በርብሩ ማለቴ አይደለም። ልጆች የአባታቸውን ዝና መርጠው አልተወለዱበትም፤ መቅረጽ የማይፈልግ ልጅ ይተው፣ ሕፃን ልጅ አይታይ። ትዳሩ ፈርሶ ከሆነ ባለቤቱ ካላነሳው አታንሱት። የተናገረውን ዛሬ ተናግሮ ነገ «ይሄን አውጡልኝ» ካለ ይውጣለት። ገንዘብም ቢሆን ይታሰብበት። የአንጋፋ ሰው ትዝታ ማስታወቂያ ተጭኖበት ብዙ ተመልካች ሲያገኝ ባለታሪኩ የታክሲ እንኳ የማይሰጠው ከሆነ አግባብ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ተዋናይ ላሉ ከዋኞች በቀረጻቸው ላይ መብት እንደሚሰጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ብዙው አንጋፋ ግን አያውቀውም። ሳትቀርጹ በፊት አስረዱት፣ በጽሑፍ ተስማሙ፣ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ስጡ።

ስለ ማስቀመጡም ላንሳ። የዩቲዩብ ቻናል ይዘጋል፣ የጣቢያ ባለቤት ይለወጣል፣ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል። የተቀረጸው ያልተቆራረጠው ቅጂ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ቢገባ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ያገኘዋል። ቴአትር ቤቶች ደግሞ በየተዋናዩ ቤት ያለውን ነገር ብትሰበስቡ መልካም ነው። በእርሳስ የተሰረዘበት የተውኔት ጽሑፍ፣ የቆዩ የፕሮግራም ወረቀቶች፣ ከክፍለ ሀገር ጉዞ ለቤት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ በልምምድ መሃል የተነሱ ፎቶግራፎች በብዙ ቤት አልጋ ሥር አሉ። ሐዘን ሲወጣ፣ ቤት ሲፈርስ፣ ሰው ሲዛወር ይጣላሉ። ሰፈራችን በልማት ሲነሳ አንዲት የተዋናይ ሚስት የባሏን ወረቀት ሁሉ ለእሳት ማቀጣጠያ እንደሰጠች ነግራኛለች። «ማን ይፈልገዋል ብዬ» አለችኝ። አንድ ሰው አስቀድሞ በሯን አንኳኩቶ «እኛ እንፈልገዋለን» ቢላት ኖሮ አትሰጠውም ነበር። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ የተመደበ ሰው፣ አንድ ስካነርና የተቆለፈ ክፍል ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲ የቴአትር ተማሪዎች ጋር ብትነጋገሩ ለመመረቂያ ሥራቸው አርእስት ፍለጋ የሚንገላቱ ልጆች በደስታ ይመጡላችኋል።

የእኛን ቤት በተመለከተ፣ እናቴ አሁን ፈቃደኛ ናት። የአባቴ ጽሑፎች፣ የተሳሳተ ቃል ሁሉ በቀይ የተሰመረባቸው ሦስት የእሷ ማስጠኛ ቅጂዎች፣ የጉዞ ደብዳቤዎቹና ጥቂት ካሴቶች በአንድ ሣጥን አሉ። ካሴቶቹ እርጥበት እየነካቸው ስለሆነ እነሱ ቢቀድሙ እንወዳለን። እሷም የምታስታውሰውን ለመናገር ተስማምታለች፤ ስሟ ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ የሚለውን ከቀረጻው በኋላ ትወስናለች። እንዲህ ያለ ሣጥን ያላቸው ሌሎች የተዋንያን ቤተሰቦችም አሉ፤ የት ወስደው ለማን እንደሚያስረክቡ ነው ያጡት። ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ የምንጠብቀው መልስ ይህ ነው፦ ከቴአትር ቤቶቹ፣ ንብረቱን የሚረከብ ሰው ማን እንደሆነና በየትኛው ቢሮ እንደሚገኝ በይፋ ብትገልጹልን፤ ከአዘጋጆቹ ደግሞ፣ በሚመጣው ዝግጅታችሁ ከምትጋብዟቸው አንጋፋዎች መካከል ቢያንስ አንዱን ከባለቤቱ ጋር በቤቱ ብታነጋግሩልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የተዋናይ ልጅ
አዲስ አበባ